ፖስትማን ላይ ይሠራል፣ ከኮዴ ሲሄድ 401፦ ሄደሩ የት ነው የሚጠፋው?

ኮደሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፀጉሬን ልነጭ ነው፣ ድረሱልኝ።

ሐዋሳ ላለ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የትዕዛዝ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ጃንጎ ነው፣ የፓይተን የዌብ ማዕቀፍ። ደንበኛው ዕቃ ይመርጣል፣ በስልኩ ይከፍላል። ከዚያ የኔ ሰርቨር «እውነት ተከፍሏል ወይ?» ብሎ የክፍያ ድርጅቱን ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚነጋገርበትን በር) ይጠይቃል። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና አላወቅኩም።

ጥያቄው ተራ ፖስት (ዳታ የሚልክ ጥያቄ) ነው። ሁለት ሄደር (ከጥያቄው አካል ፊት የሚሄድ መግለጫ) ይዞ ይሄዳል። አንዱ ኦተራይዜሽን ነው፤ «ቤረር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሚስጥራዊ ቁልፉ አለ። ሌላው የአካሉን ዓይነት የሚናገረው ኮንተንት-ታይፕ፣ ጄሰን (የዳታ አጻጻፍ ዓይነት) የሚል። ፖስትማን (ኤፒአይ መሞከሪያ ፕሮግራም) ላይ ስልከው 200 (ተሳክቷል) ይመጣል፣ የክፍያው ዝርዝር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንኑ በፓይተን ሪኩዌስትስ (ጥያቄ መላኪያ ላይብረሪ) ስልከው 401 (ማንነትሽ አልተረጋገጠም)። አብሮ የሚመጣው መልእክት «ኦተራይዜሽን ሄደር አልተገኘም» ይላል።

እንዴት ነው የማይገኘው? ከመላኬ አንድ መስመር በፊት ሄደሮቹን ፕሪንት አድርጌያቸዋለሁ። ሁለቱም ቁጭ ብለዋል። ቁልፉን ከፖስትማኑ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሬዋለሁ። ላፕቶፔ ላይም ሰርቨሩ ላይም ውጤቱ ያው ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የሱቁ ስም ደረሰኝ ላይ እንዲወጣ በራሳቸው ሄደር መላክ ይቻላል ይላሉ። የሱቁ ስም አማርኛ ነው። ሳስገባው ፕሮግራሙ «ላቲን-1 ኮዴክ» ምናምን ብሎ ይሞታል። ለጊዜው አውጥቼዋለሁ፣ ግን ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የፊት ገጹን የሚሠራው ልጅ ደግሞ «ከብራውዘሩ በቀጥታ እንጥራውና እንገላገል» እያለኝ ነው። ሲሞክረው የኮርስ (ብራውዘሩ ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚሄድን ጥያቄ የሚቆጣጠርበት ደንብ) ቀይ ኤረር መጣበት።

ኮዱ የደንበኛዬ ስለሆነ አልለጥፈውም። በቃላት ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ።

ፈጣን_ጣት፦

ቁልፉ ያለበት የኢኤንቪ ፋይልሽ (የቅንብር ፋይል) ዊንዶውስ ላይ ነው የተጻፈው? የመስመሩ ጫፍ ላይ የማይታይ ካራክተር ተጣብቆ ይሆናል። ቁልፉን የማይታየውን በሚያሳየው «ሬፕር» ፕሪንት አድርጊውና እዪ። ቡና አስይዛለሁ፣ እሱ ነው።

ኮደሯ፦

አመሰግናለሁ፣ አየሁት። ንጹህ ነው፣ ጫፉ ላይ ምንም የለም። ቡናው አለብህ።

ጋሼ_ሰርቨር፦

ፈጣን ጣት ያለው በሽታ እውነተኛ በሽታ ነው፣ ብዙ ሰው ይይዛል። ምልክቱ ግን እንዲህ አይደለም። ቁልፉ ጫፍ ላይ የመስመር መዝለያ ቢኖር ኖሮ ፓይተን ራሱ «ይሄ ሄደር ልክ አይደለም» ብሎ ይቆም ነበር። ጥያቄው ከማሽንሽ አይወጣም። ኖድ (ጃቫስክሪፕት በሰርቨር) ላይም እንደዚሁ ነው። ቁልፉ የጥቅስ ምልክት ይዞ ቢሆን ደግሞ (ፕሮግራም ማሄጃው ዶከር፣ በ«ራን» ትእዛዙ፣ በኢኤንቪ ፋይል ሲሰጡት ጥቅሱን አያራግፍም፣ እንዳለ ነው የሚያሳልፈው) መልሱ «ቁልፉ የተሳሳተ ነው» ይሆን ነበር።

አንቺ ያገኘሽው መልስ «የተሳሳተ ነው» አይልም። «አልተገኘም» ነው የሚለው። እህቴ፣ ሰው ይቺን ልዩነት ዘልሎ ነው ቁልፍ ሲቀያይር የሚያመሸው። እኔ ሰርቨሩን አምነዋለሁ፤ አልደረሰውም። አንቺንም አምናለሁ፤ ልከሻል። ሁለታችሁም እውነት ከተናገራችሁ ሄደሩ መሀል መንገድ ላይ ነው የወደቀው።

ፕሪንት ያደረግሽው ልትልኪ ያሰብሽውን ነው። የተላከውን ማየት ሌላ ሥራ ነው። ደግነቱ ሪኩዌስትስ መልሱን ሲሰጥሽ የላከውንም ጥያቄ ይዞልሽ ይመጣል። «ሪስፖንስ ነጥብ ሪኩዌስት ነጥብ ሄደርስ» ብለሽ ፕሪንት አድርጊ። ኦተራይዜሽን እዚያ ውስጥ ከሌለ፣ ከራስሽ ቤት ሳይወጣ ነው የተወሰደው። ቀጥለሽ «ሪስፖንስ ነጥብ ሂስትሪ» በይ። ባዶ ዝርዝር ካልመጣ ሌባው ተይዟል።

የኔ ግምት ሪዳይሬክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥያቄሽ አንድ አድራሻ ጋ ይደርሳል። ያ ሰርቨር «እኔ ጋ አይደለም፣ እዚያ ሂጂ» ብሎ በሎኬሽን ሄደር አዲስ አድራሻ ይሰጣል። ሪኩዌስትስ አንቺን ሳይጠይቅ ወደ አዲሱ ይሄዳል። ሆስቱ (የሰርቨሩ ስም) ከተቀየረ ግን ኦተራይዜሽኑን አውልቆ ይጥለዋል። ይሄ ስህተት አይደለም፣ ጥበቃ ነው። የቤትሽን ቁልፍ ለጎረቤት አደራ ልትሰጪ ሄደሽ ጎረቤትሽ «ማዶ ላለው ሰውዬ ስጪው» ቢልሽ፣ ለማታውቂው ሰው ዝም ብለሽ አትሰጪም።

የሚጥለው ሆስቱ ሲቀየር ነው። ያው ሆስት ሆኖ በመደበኛው ፖርት ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ብቻ ከተሸጋገረ አይጥለውም። «ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ» የተጨመረበትና ያልተጨመረበት አድራሻ ግን ለሱ ሁለት የተለያዩ ሆስቶች ናቸው። ከርል የተባለው የትእዛዝ መስመር መላኪያም ከስሪት 7.58.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 ጃንዋሪ ወዲህ፣ በእጅሽ የጻፍሽውን ኦተራይዜሽን ለሌላ ሆስት አያስተላልፍም። ከዚያ በፊት ያስተላልፍ ነበር፣ እንደ ደህንነት ቀዳዳ ተቆጥሮ ነው የተደፈነው።

ፖስትማንም ካላዘዝሽው በቀር ያው ጠባይ ነው ያለው። ታዲያ ለምን እዚያ ሠራ? ቁልፉን ፊደል በፊደል አመሳክሬያለሁ ብለሻል። አድራሻውንስ? የፖስትማን ስብስቡን ከነሱ ድረ ገጽ አውርደሽ፣ የኮዱን አድራሻ ከሌላ ቦታ ከቀዳሽ ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ።

በከርል ማየት ከፈለግሽ «ዳሽ ቪ» ጨምሪ። ወደ ቀኝ የሚያመለክተው ምልክት ያለበት መስመር ከአንቺ የወጣ ነው፤ ወደ ግራ የሚያመለክተው ከነሱ የመጣ። እኔ ኮድ ከማየቴ በፊት እነዚያን መስመሮች ነው የማየው። አብሮት «ትልቁን ኤል» አትጨምሪበት። ያለሱ ከርል ሪዳይሬክት አይከተልም፣ ስለዚህ 301 ወይም 308 (የሪዳይሬክት ቁጥሮች) ካለ እርቃኑን ታዪዋለሽ። ፓይተን ላይ ደግሞ «አላው ሪዳይሬክትስ»ን ፎልስ ማድረግ ነው።

ኤችቲቲፒቢን የሚባለው ድረ ገጽም አለ፤ የላክሽለትን ሄደር መልሶ ያሳይሻል። እዚያ ስትሞክሪ ግን የውሸት ቁልፍ ተጠቀሚ። እውነተኛ ቁልፍ የሰው ሰርቨር ላይ አይለጠፍም።

ሂስትሪው ባዶ ከሆነ ደግሞ ሆም ፎልደርሽ ውስጥ «ነጥብ ኔትአርሲ» የሚባል ፋይል እንዳለ እዪ። እዚያ ውስጥ ለዚያ ሆስት የተጻፈ ስምና የይለፍ ቃል ካለ ሪኩዌስትስ የጻፍሽውን ኦተራይዜሽን በሱ ይተካዋል። ያኔም ቢሆን ሄደሩ ይደርሳል፣ የሚደርሰው የተሳሳተ ሆኖ ነው። ስለዚህ ያንቺ ጉዳይ አይመስለኝም፤ ለሌላ አንባቢ ይጠቅም ይሆናል።

የቦት_ልጅ፦

የአማርኛውን ነገር እኔ ልያዘው።

ፓይተን የሄደርን ዋጋ በላቲን-1 ነው የሚጽፈው። የላቲን-1 ሰንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው። የኛ «ሀ» ዩኒኮድ ላይ ቁጥሯ 4608 ነው። የት ትግባ? ስለዚህ አልችልም ብሎ ይቆማል። ብራውዘር ላይ በፌች (የጃቫስክሪፕት መላኪያ) ብትሞክሪውም ያንኑ ቅሬታ በሌላ አነጋገር ያመጣል። የኤችቲቲፒ ደንቡ ራሱ፣ በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9110፣ አዲስ ሄደር የሚፈጥሩ ሰዎች ዋጋውን በአስኪ (መሠረታዊ የእንግሊዝኛ) ፊደላት እንዲወስኑት ይመክራል።

በአማርኛ ስማቸው የሚኮሩ የቴሌግራም ቦት ሠሪዎች ሁሌ የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። አማርኛ ዊኪፔዲያን በኤፒአይ የሚያነብ ቦት ትሠሪያለሽ እንበል። ዊኪሚዲያ ማን እንደሆንሽና በምን እንደምትገኚ የሚገልጽ ዩዘር-ኤጀንት ላኪ ይላል። ልጁ ደስ ብሎት የቦቱን ስም በፊደል ይጽፋል። ቦቱ አንድም ገጽ ሳያነብ ይሞታል። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፈው ይሠራል።

ዩዘር-ኤጀንትን ካነሳን አይቀር፦ ጊትሃብ ያለ ዩዘር-ኤጀንት የመጣን ጥያቄ 403 (አልተፈቀደም) ብሎ ይመልሰዋል። ሪኩዌስትስ የራሱን ስም ስለሚልክ አይታወቅም። ያለ ላይብረሪ በባዶ ሶኬት የሚጽፍ ሰው ግን ፈቃዱ ላይ ችግር ያለ መስሎት ቶክን (ቁልፉን) ሲቀይር ይውላል።

ላንቺ፣ የሱቁን ስም ከተቻለ ሄደር ውስጥ ሳይሆን ጄሰኑ አካል ውስጥ አስገቢው። እዚያ አማርኛ ምንም ችግር የለበትም። ሪኩዌስትስ ፊደሉን በኋሊት ሰረዝ፣ በዩ እና በቁጥር ቀይሮ ሲልከው ብታዪ አትደንግጪ፣ ተቀባዩ ሲፈታው አማርኛ ሆኖ ይመለሳል። የግድ በሄደር ከሆነ ፐርሰንት ኢንኮድ አድርጊው (ፊደሉን በፐርሰንት ምልክትና በኮድ መተካት)። አንዷ «ሀ» ዘጠኝ ካራክተር ትሆናለች፣ ግን ታልፋለች። እነሱ መልሰው እንደሚፈቱት ግን መጀመሪያ ጠይቂያቸው። አለበለዚያ ደንበኛው ደረሰኝ ላይ የሚያነበው ፐርሰንት ብቻ ነው።

ፒኤችፒ_አልሞተም፦

ስለ ፊት ገጹ ልጅ፦ አይሆንም በዪው! ሚስጥራዊ ቁልፍ ብራውዘር ውስጥ ከገባ ሚስጥር አይደለም። ማንም ኤፍ 12 ተጭኖ ኔትወርክ የሚለውን ይከፍትና ይገለብጠዋል። የኮርሱ ኤረር በአጋጣሚ ውለታ ነው የዋለላችሁ።

ኤረሩ ለምን እንደመጣ ለማወቅ ያህል፦ ጥያቄው ኦተራይዜሽን ካለበት ብራውዘሩ አስቀድሞ በኦፕሽንስ «ይቺን ሄደር ትቀበላለህ?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ያ የመጀመሪያ ጥያቄ ቶክኑን አይዝም። ሰርቨሩ ለሱም ቶክን ካልሰጣችሁኝ ካለ 401 ይመልስና ነገሩ እዚያው ያበቃል። የራሳችሁ ኤፒአይ ላይ ይሄ ቢገጥማችሁ የሚፈቀዱ ሄደሮች ዝርዝር ላይ ኮከብ ምልክት (ሁሉንም) አስቀምጦ መገላገል አይሠራም። ኮከቡ ሌሎቹን ሄደሮች ይሸፍናል፣ ኦተራይዜሽንን ግን አይሸፍንም። በስሟ መጻፍ አለባት።

አሁን ያልጠየቅሽውን ልንገርሽ፣ ነገ ስለሚመጣብሽ። የክፍያ ድርጅቱ «ተከፍሏል» ብሎ ዌብሁክ (ወደ ሰርቨርሽ የሚመጣ ማሳወቂያ) ሲልክልሽ ሄደር ተቀባይዋ አንቺ ነሽ። እዚያም ይጠፋል።

እኔ የምሠራው ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ነው፣ አፓቼ ዌብ ሰርቨር እና ፒኤችፒ። አፓቼ ኦተራይዜሽንን ለሲጂአይ ፕሮግራሞች (ጥያቄ ለሚያስተላልፍላቸው ውጫዊ ኮዶች) በራሱ አያሳልፍም። ላኪው ልኬያለሁ ይላል፣ ሎጉ ላይ ጥያቄው ይታያል፣ ኮዱ ግን ባዶ ነው የሚያየው። ከአፓቼ 2.4.13 ወዲህ «ሲጂአይ ፓስ ኦት ኦን» የሚል አንድ መስመር ኤችቲአክሰስ በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ መጻፍ ይበቃል፣ ሆስቲንጉ ከፈቀደ። ያንቺ ጃንጎ አፓቼ ላይ በሞድ ደብልዩኤስጂአይ የሚሄድ ከሆነ «ደብልዩኤስጂአይ ፓስ ኦተራይዜሽን ኦን» ነው።

ኤንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨር ከጃንጎሽ ፊት ካለ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ስሙ ውስጥ አንደርስኮር (የታች ሰረዝ) ያለበትን ሄደር ኤንጂንኤክስ ትንፍሽ ሳይል ይጥለዋል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። አጭር ሰረዝ ከሆነ ያልፋል። ክፋት አይደለም፤ ጃንጎን የመሳሰሉት ሄደሩን ሲያነቡ ሰረዙን ወደ አንደርስኮር ስለሚቀይሩት ሁለቱ ስሞች አንድ ይሆናሉ፣ አጭበርባሪ ደግሞ በዚያ ሊገባ ይችላል። የላኪው ፊርማ ሄደር ስሙ በአንደርስኮር ከሆነ ኤንጂንኤክስ ላይ በግልጽ ፍቀጂለት፣ ወይም እነሱ በሰረዝ እንዲልኩት ጠይቂ። ትልቅና ትንሽ ፊደሉ ግን አያስጨንቅሽ። የሄደር ስም ላይ ልዩነት የለውም፣ ኤችቲቲፒ 2 እንዲያውም ሁሉንም በትንሽ ፊደል ነው የሚልከው።

ኮደሯ፦

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

ሂስትሪው ባዶ አይደለም። አንድ 308 ተቀምጧል። የተላከውን ሄደር ሳየው ኮንተንት-ታይፕ አለ፣ ዩዘር-ኤጀንት አለ፣ ኦተራይዜሽን የለም። ከሎኬሽኑ እንዳየሁት ደግሞ ኤፒአያቸውን ወደ ሌላ ሰብዶሜይን አዛውረውታል። ፖስትማን ላይ ያለው ስብስብ አዲሱን ነው የሚጠራው። ኮዱ ውስጥ ያለው አድራሻ ከፒዲኤፍ መመሪያቸው የተቀዳ ነው፣ መመሪያው ደግሞ እስካሁን አሮጌውን ነው የሚለው።

አድራሻውን ቀየርኩት። 401 ሄዷል። አሁን ደግሞ 400፣ «ጄሰኑ ሊነበብ አልቻለም»! ሳቅም እንባም እየመጣብኝ ነው። ኮንተንት-ታይፑ እኮ ጄሰን ነው የሚለው።

ጋሼ_ሰርቨር፦

አይዞሽ፣ 400 ዕድገት ነው። በሩን አልፈሻል ማለት ነው፣ አሁን የሚያከራክራችሁ ዕቃው ነው።

ዲክሽነሪውን (የምትልኪውን ዳታ) የምትሰጪው «ዳታ» በሚለው ነው «ጄሰን» በሚለው? በ«ዳታ» ከሆነ ሪኩዌስትስ አካሉን እንደ ፎርም ነው የሚያሽገው፣ በእኩል ምልክትና በአምፐርሳንድ። ላዩ ላይ ጄሰን የሚል ጽፈሽበታል፣ ውስጡ ፎርም ነው። በ«ጄሰን» ስጪውና ኮንተንት-ታይፑን በእጅሽ መጻፍ ተዪ፣ ራሱ ይጽፈዋል። የተላከውን አካል «ሪስፖንስ ነጥብ ሪኩዌስት ነጥብ ቦዲ» ብለሽ ማየት ትችያለሽ።

እግረ መንገድሽን፣ መልሱ 308 በመሆኑ ዕድለኛ ነሽ። 308 እና 307 ፖስቱን ፖስት አድርገው ከነአካሉ ነው የሚያሻግሩት። 301 ወይም 302 ቢሆን ሪኩዌስትስ ወደ ጌት (አምጪ ብቻ የሚል ጥያቄ) ይቀይረው ነበር፣ አካሉም ይቀር ነበር። ያኔ ኤረሩ 405 (ዘዴው አይፈቀድም) ወይም 404 (ገጹ የለም) ሆኖ ይመጣና ሌላ መንደር ውስጥ ስትፈልጊ ትውያለሽ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አሮጌው አድራሻ መጀመሪያው ላይ ኤችቲቲፒ ነበር ወይስ ኤችቲቲፒኤስ?

ኮደሯ፦

«ጄሰን» አደረግኩት፣ 200 መጣ! የክፍያ ቁጥሩም ብሩም ልክ ነው። የሱቁንም ስም እንደተባልኩት ጄሰኑ ውስጥ አስገብቼ ደረሰኙ ላይ በአማርኛ ወጥቷል። የቦት ልጅ፣ ተባረክ።

አሮጌው አድራሻ... ኤችቲቲፒ ነበር። ኤስ የለውም። ምነው?

ጋሼ_ሰርቨር፦

እንግዲያው ቁልፉ ተነቧል ብለሽ ቁጠሪው። ሪኩዌስትስ ኦተራይዜሽኑን የጣለው ወደ ሁለተኛው ሆስት ሲሄድ ነው። ወደ መጀመሪያው ሲሄድ ግን ይዞት ነው የሄደው፣ ያውም ሳይመሰጠር። ካፌ ዋይፋይ ላይ ከሞከርሽው በዚያ ኔትወርክ ላይ የነበረ ሰው ሊያየው ይችላል። ዛሬውኑ የድርጅቱ ዳሽቦርድ ላይ ግቢና አሮጌውን ቁልፍ ሰርዢ፣ አዲስ አውጪ። አዲሱን ሰርቨሩ ላይ ከማስገባትሽ በፊት ኮዱ ውስጥ ኤስ የሌለው አድራሻ ሌላ ቦታ እንዳልቀረ ፈልጊ። ሎግ ውስጥ ፕሪንት ያደረግሻቸውን ሄደሮችም አጥፊያቸው፣ እዚያም ቁልፉ ተቀምጧል።

ፈጣን_ጣት፦

ሎጉን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ቡናው በኔ ነው፣ ሐዋሳ ስመጣ።

ኮደሯ፦

ሰረዝኩት፣ አዲሱን አስገባሁ። አንድ ኤስ የሌለው አድራሻ ቴስት ፋይሉ ውስጥ ተገኝቷል፣ እሱም ተስተካክሏል። ሎጉን አሁን እያጸዳሁ ነው። መመሪያቸው ላይ ያለው አድራሻ እንዲታረም ለድርጅቱ ኢሜይል ልኬያለሁ፣ የ308ቱንም መልስ አያይዤ።